ከሐሩር ወደ ውርጭ፦ ተራራ የመምራት ሙያ

ተራራ ወጪዎችን የሚገድሉት ዋና ዋና ነገሮች አምስት ናቸው፦ ከገደል መውደቅ፣ ናዳ፣ ከፍታ የሚያመጣው ሕመም፣ የልብ ሕመም እና የሰውነት ሙቀት መውረድ ወይም ሃይፖተርሚያ። ከእነዚህ የትኛው እንደሚብስ የሚወስነው የተራራው ጠባይ ነው። ኤቨረስት ላይ የበረዶ ናዳ የብዙዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 በአንድ ማለዳ ብቻ 16 ኔፓላውያን አልቀዋል። በኪሊማንጃሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2003 ከሞቱት 25 ጎብኚዎች 14ቱን የገደላቸው የከፍታ ሕመም ነው። ስሜንና ባሌ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ የበረዶ ግግር የላቸውም፤ ያለ ገመድ በእግር ይወጣሉ። አደጋቸው የሚናቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከድሬዳዋ ለሚነሳ ቡድን ችግሩ ድርብ ነው። ከተማዋ የምትገኘው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ የነዋሪዋ ሰውነት የለመደው ሙቀትንና ወፍራም አየርን ነው። የአዲስ አበባ ሰው 2,300 ሜትር አካባቢ ሲያድር ስለኖረ የስሜን መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ሲደርስ ግማሹን መንገድ ለምዶታል፤ የድሬ ልጅ ግን ልምምዱን የሚጀምረው ከዜሮ ነው። 4,400 ሜትርን የሚያልፈው የስሜኑ ቧሂት ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው በአርባ በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ባሌ ላይ ደግሞ መኪና ሰውን ከጎባ አንስቶ በሰዓታት ውስጥ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ አናት ያደርሰዋል፤ እግር ሳይደክም ራስ ይፈነዳል።

የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ስለዚህ የአዳር ሕግ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨመርም። ከመነሻው በፊትም በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ሐረማያ ወጥቶ መሰንበት፣ ሲቻልም ከ3,300 ሜትር በላይ የሆነውን ጋራ ሙለታን መውጣት ይጠቅማል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ሳይሻለው ወደ ላይ አይቀጥልም። ሚዛኑን ስቶ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም አርፎ ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ንጋት አይጠበቅም፤ በዚያችው ሰዓት ይወርዳል።

ብርዱ የሚመጣው በሌላ ሂሳብ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ከድሬዳዋ ወደ ቧሂት ሲወጣ ልዩነቱ 20 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በበጋ ሌሊት የባሌው የሳነቴ አምባ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሃይፖተርሚያ ግን ውርጭ አይጠብቅም፤ ከዜሮ በላይ ባለ አየር ዝናብና ነፋስ ከተባበሩ ይበቃሉ። ዳገቱን በላብ የወጣ ሰው ጫፉ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ልብሱ ውስጥ ያለው እርጥበት ሙቀቱን ይመጥጠዋል። ጥጥ ውሃ ይይዛል፤ ጋቢ ደረቅ ሳለ ይሞቃል፣ ሲረጥብ ግን ይከብዳል፣ ያቀዘቅዛልም። የሱፍ ልብስ እርጥብም ሆኖ ሙቀት አይነፍግም። የደጋ ሰው ከበግ ጠጉር የተሠራ በርኖስ የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም። ለድሬ ወጣት ከሰልባጅ የተገዛ የሱፍ ሹራብና ውሃ የማያስገባ ጃኬት ከአዲስ ጂንስ ይበልጡበታል።

የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያንስ ሃይፖተርሚያ ተጀምሯል። ምልክቱ መጀመሪያ የሚታየው በጠባይ ላይ ነው፦ ተጫዋቹ ዝም ይላል ወይም ይነጫነጫል፣ ጣቱ ዚፕ መሳብ ያቅተዋል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ እግሩ በጠፍጣፋ መሬት ይደናቀፋል። ወደ 32 ዲግሪ ሲጠጋ መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ ይህን እንደ መዳን የቆጠረ መሪ ሰው ያጣል። ታማሚው ራሱ አእምሮው ስለሚደበዝዝ ደህና ነኝ ይላል፤ አንዳንዱ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል። ስለሆነም ፍርዱ የመሪው እንጂ የታማሚው አይደለም።

የድሬዳዋ ቡድን መሪ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት። ወባ በከተማዋ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የተነሳውም ወረርሽኝ አኖፊሊስ ስቴፌንሲ ከተባለችው ትንኝ ጋር ተያይዟል። በትንኝ የተነከሰ ሰው የሚታመመው ከሳምንት በኋላ ሊሆን ስለሚችል በሽታው ተራራ ላይ ሊነሳበት ይችላል። በወባም በሃይፖተርሚያም ሰው ይንቀጠቀጣል። የወባው ሰው ሆዱ ሲዳሰስ ያተኩሳል፤ ብርድ የመታው ግን ሆዱም ብብቱም ይቀዘቅዛል። በቦርሳ የተያዘ ቴርሞሜትር ጥርጣሬውን ይፈታል።

ሕክምናው የሚጀምረው ነፋሱን በመከለል ነው። እርጥብ ልብስ ይወልቃል፣ ከመሬቱ የሚለይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ራስና አንገት ይሸፈናል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ ደረትና ብብት ላይ ይደረጋል። በደንብ የነቃና መዋጥ የሚችል ሰው ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል። እጅና እግር አይታሽም። አረቄ አይሰጥም፤ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ የሙቀት ስሜት ሲፈጥር የውስጡን ሙቀት ያባክናል። ጫትም ድካምንና ረሃብን ስለሚደብቅ ሰውነት ማገዶው ማለቁን እንዳይናገር ያደርጋል። ራሱን የሳተ ሰው በአግድም ተኝቶ በእርጋታ ይወሰዳል፤ ሻካራ እንቅስቃሴ የቀዘቀዘ ልብን ሊያቆም ይችላል። የቀዘቀዘን ሰው ሞቷል ብሎ መተውም ስህተት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1999 ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ስር ባለ ውሃ ውስጥ ተይዛ የሰውነቷ ሙቀት 13.7 ዲግሪ የደረሰ ስዊድናዊት ሐኪም ድናለች።

ይሁንና ስሜን ውስጥ ጌጭ ላይ ያለ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው በእግርና በበቅሎ ተጉዞ፣ ከዚያም መኪና አግኝቶ ነው። በዚህ ርቀት ከሕክምና መከላከል ይቀድማል። በከፍተኛ ተራሮች ብዙ ሰው የሚሞተው ጫፉን ረግጦ ሲመለስ፣ ጉልበቱ አልቆና ሰዓቱ መሽቶበት ነው። ልምድ ያለው መሪ ስለዚህ የመመለሻውን ሰዓት ጠዋት ሳይነሳ ይቆርጣል፣ ለሁሉም ያስታውቃል፣ ጫፉ 100 ሜትር ቢቀረውም ሰዓቱ ሲደርስ ይመለሳል። ሙያው የሚመዘነው ብዙ ሰው ጫፍ ላይ በማውጣት ሳይሆን የወጡትን ሁሉ በእግራቸው በማውረድ ነው።