ሮተርዳም በማለዳ፤ ስለ አንድ መንገደኛ መጽሐፍ

የእንግሊዝ አገር ደራሲ ፓትሪክ ሊ ፈርመር በ1977 ዓ.ም. ያሳተሙት አንድ የጕዞ መጽሐፍ አለ፤ ስሙ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የስጦታዎች ጊዜ» ይኾናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዘመን ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መኾኑን አንባቢ ይወቅልን።) ደራሲው የ18 ዓመት ልጅ ሳሉ በ1933 በወርኃ ዲሴምበር ከለንደን በመርከብ ተነሥተው ወደ ሆላንድ ተሻገሩ፤ ከዚያም እስከ ቍስጥንጥንያ ድረስ በእግራቸው ለመሄድ ቈርጠው ነበር። ለስንቅ ያላቸው በሳምንት አንድ ፓውንድ ያኽል ነው። በጀርባቸው የተሸከሙት ከረጢት እንኳ የውሰት ነበር፤ ይህንም ከረጢት ሮበርት ባይረን የተባለ ሌላ ጸሓፊ ቀደም ብሎ ወደ ደብረ አቶስ ገዳማት ይዞት ሄዷል። መጽሐፉ ሰፊ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የምመረምረው የመጀመሪያውን ቀን፥ ከእርሱም ይልቁን በሮተርዳም ከተማ ያለፈችውን ማለዳ ነው፤ የመጽሐፉ ጕልበት ከኹሉ ይልቅ በእርስዋ ይታያልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከቡ ሳይነጋ ይደርሳል። ልጁ በረዶ በሚወርድበት ጨለማ ከረጢቱን አንግቶ ብቻውን ይወርዳል። የሚቀበለው ዘመድ የለም፤ የሚያውቀው ቤት የለም፤ ከተማው ገና ተኝቷል። በመንገዶቹ ሲዘዋወር የሊቁን የኤራስሙስን ሐውልት ያያል፤ ቈይቶም አንድ የወደብ ምግብ ቤት ሲከፈት ገብቶ ቍርሱን ይበላል። ባለቤቱ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቀዋል። ልጁ «ቍስጥንጥንያ» ሲል ሰውዬው ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፥ ኹለት ትንንሽ ብርጭቆ አምጥቶ፥ እንደ ውሃ የጠራ አረቄ ቀድቶ ከእንግዳው ጋራ ይጠጣል። ልጁ ሒሳቡን ልክፈል ቢል እንቢ አለው። በዚያው ዕለት በእግሩ ተጕዞ ማታ ዶርድሬክት ደረሰ፤ እዚያም ከገበታው ላይ እንቅልፍ ቢጥለው አንሥተው አስተኙት፤ ሲነጋም የራቱን ዋጋ እንጂ የመኝታውን አልተቀበሉትም። ቀኑ ይኸው ነው። ቤተ መንግሥት አልጐበኘም፥ ከታላቅ ሰው ጋራ አልተገናኘም።

ይህን ያኽል ትንሽ ነገር ስለ ምን ልብ ይነካል? ይህን ለማወቅ አስቀድሞ ተናጋሪው ማን እንደ ኾነ መለየት ያሻል። ልጁ በመንገዱ ላይ የሚጽፍበት ደብተር ነበረው፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ወር በሙኒክ ከተማ ከረጢቱ ሲሰረቅ ደብተሩም አብሮ ጠፋ። እንግዲህ የሮተርዳምን ማለዳ የጻፋት ልጁ አይደለም። ከዐርባ ዓመት በላይ ቈይተው፥ በጦርነት ውስጥ አልፈው፥ ስልሳ ዓመታቸውን የተሻገሩ ሽማግሌ ያለ ደብተር የጻፏት ናት። መጽሐፉ ግን ለኹለቱም «እኔ» ይላል። እኛ ልጁን «እሱ»፥ ሽማግሌውን «እሳቸው» ብለን ስለምንጠራ ልዩነቱ ፈጥኖ ይታየናል፤ እኔም ገጹን ሳነብ በየዐረፍተ ነገሩ «ይህን ያየው እሱ ነው ወይስ እሳቸው?» እያልኹ ራሴን እጠይቅ ነበር።

«ከዐርባ ዓመት በኋላ የቍርስ ገበታ እንዴት ይታወሳል?» ብሎ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሌሎቹ ምዕራፎች እኔም ተጠራጥሬአለኹ። ስለ መጀመሪያው ቀን ግን አምናለኹ። ደራሲው እንደ ለማኝ፥ እንደ ተሳላሚ ወይም ከአገር አገር እንደሚዞር ተማሪ ኾነው ለመጓዝ እንዳሰቡ ይናገራሉ፤ ቅኔ ፍለጋ አኩፋዳ ይዘን የዞርን ሰዎች ይህን ማንም ሳያስረዳን እናውቀዋለን። እኔ የመጀመሪያውን ቅኔ ቤት የገባኹበትን ቀን ሳስብ መምህሬ የተናገሩትን ረስቻለኹ፤ ውሻ አስጥለው ቍራሽ የሰጡኝ እናት የነጠላቸው ጥለት ምን ዐይነት እንደ ነበረ ግን አልረሳኹም።

አኹን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልጁ ከተማውን እያየ ሳለ ሽማግሌው በመካከል ገብተው አንድ ነገር ብቻ ይናገራሉ፤ ይኸውም ይህች ያማረች ከተማ ከጥቂት ዓመት በኋላ በቦምብ እንደምትደቅ፥ ይህንም ዐውቀው ቢኾን ኖሮ ቈይተው ይመለከቷት እንደ ነበር ነው። ከዚያ ዝም ይላሉ፤ ልጁም መንገዱን ይቀጥላል።

በሜይ 14 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ሩብ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ በጣሉት ቦምብና ከእርሱ በተነሣው እሳት የሮተርዳም መካከለኛ ክፍል ጠፋ፤ 80,000 ያኽል ሕዝብም ቤት አልባ ኾነ። በመካከለኛው ዘመን ማለቂያ የተሠራው የላውሬንስ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ ፈራረሰ፤ እድሳቱም እስከ 1968 ድረስ ቈየ። ደራሲው ይህን ኹሉ ሲጽፉ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ቃል ይበቃል ብለው ተዉት።

የቅኔ መምህር ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር? በእኛ ሥርዐት ባለቅኔው ወርቁን በልቡ ይዞ ሰሙን ያበጃል። እዚህ ግን ሰሙን ያበጀው ልጅ ወርቁ ምን እንደ ኾነ አያውቅም። በረዶው፥ ቍርሱ፥ ብርጭቆው ለእርሱ ተራ ነገር ነበሩ፤ ወርቁን ያመጣው ጦርነት ነው፤ ሽማግሌውም ሰሙን ሳይነኩ ወርቁን አኖሩበት። እኔ ይህነን በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ኹሉ የላቀ ሥራ እለዋለኹ። ጀማሪ ቢኾን ገና በረዶው ሲወርድ «አመድ መሰለኝ» ብሎ ነገሩን ያፈርሰው ነበር።

ልጁ ያየው የኤራስሙስ ሐውልት በ1622 የተሠራ የነሐስ ሥራ ነው፤ ሊቁ መጽሐፍ ይዞ ቅጠሉን ሲገልጥ ያሳያል። የከተማው ሰዎችም ሰዓቱ ሲደወል የሰማ እንደ ኾነ ገጽ ይገልጣል እያሉ ይጫወታሉ። ኤራስሙስ ራሱ በልጅነቱ ከሮተርዳም ወጥቶ ዕድሜውን ከአገር አገር ሲዞር ኖሮ በ1536 በባዝል የሞተ ሰው ስለ ኾነ፥ በዚያች ባዶ ማለዳ እንግዳውን የተቀበለው እርሱ መኾኑ ይስማማል። ሐውልቱ በጦርነቱ ጊዜ ተቀብሮ ስለ ተደበቀ ዳነ፤ ዛሬም በታደሰው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆማል። በዚያው ከተማ ዛድኪን የተባለ ቀራፂ የሠራው፥ በ1953 የቆመ ሌላ የነሐስ ሰው አለ፤ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቷል፤ በልቡ ቦታ ያለው ባዶ ቀዳዳ ነው። የፈርመርን ገጽ አንብቦ ዛሬ ሮተርዳም የሚወርድ መንገደኛ ልጁ የዞረባቸውን መንገዶች አያገኝም፤ የሚያገኘው እነዚህን ኹለቱን ነው።

ነቀፋም አለኝ። ልጁ ከሮተርዳም እንደ ወጣ ሽማግሌው ያንን ዝምታ ይረሱታል። የሆላንድ ሜዳ፥ ቦዩም የነፋስ ወፍጮውም፥ ከሥዕል ቤት የወጣ ይመስል በሠዓሊዎች ዕውቀት ይተረጐማል። እውነት ነው፥ ሆላንድን ለዓለም አስቀድመው ያስተዋወቋት ሠዓሊዎችዋ ናቸው፤ ልጁም ይህን ሳያስብ አልቀረም። ነገር ግን ዕውቀቱ የእሳቸው ነው፤ የከረጢቱ ጠፍር ትከሻውን የሚቈርጠው እሱን ነው፤ ኹለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲጠምዷቸው በሬና ፈረስ ይኾናሉ። ብዙ ያነበቡ ሰዎች ይህን ይወዱታል፤ እኔም አንዳንዱን ወድጄዋለኹ፤ ያን የምግብ ቤት ሰውዬ ግን ናፍቄው ነበር።

ልጁ በ1934 ማለቂያ ቍስጥንጥንያ ደረሰ። ደራሲው ኹለተኛውን መጽሐፍ በ1986 አሳተሙ፤ ሦስተኛውን ግን ብዙ ዓመት ታግለውት ሳይጨርሱት በ2011 ዐረፉ። በ2013 ሌሎች አሰናድተው ሲያሳትሙት ትረካው ቍስጥንጥንያ ሳይደርስ በቡልጋሪያ ባሕር ዳር ላይ በዐረፍተ ነገር መካከል ይቋረጣል። ለቍስጥንጥንያ የልጁ ደብተር በእጃቸው ነበረ፤ በውስጡ የተገኘው ግን ጥቂትና ደረቅ ማስታወሻ ነው። ደብተርዋ የተሰረቀው ሮተርዳም እስከ ትንሹ ብርጭቆ ድረስ ተጽፋለች።