ባዶ የተባለው ምድር

የእህቴ ልጅ ፕሌይስቴሽኑ ፊት ተቀምጦ ፈረስ ሲጋልብ ሩብ ሰዓት ያህል ከኋላው ቆሜ ተመለከትሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ጠላት አልመጣበትም፤ አንድም ሰው አላገኘም፤ የሚለቀም ወርቅ፣ የሚቆጠር ነጥብም አልነበረም። የነበረው ሜዳው፣ ገደሉ፣ ነፋሱና የፈረሱ ኮቴ ብቻ ነው። «ታዲያ ጨዋታው ምኑ ላይ ነው?» አልሁት። «ጋሼ፣ መሄዱ ነዋ!» ሲል መለሰልኝ። ይህ መልስ ሲከነክነኝ ሰንብቶ፣ ኋላ ጆይስቲኩን ተቀብዬ ጨዋታውን ራሴ እስከ ፍጻሜው ተጫወትሁት።

ሥራው «ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ» ይባላል። በጃፓናዊው ፉሚቶ ኡኤዳ መሪነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣ ሲሆን፣ በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ ተሠርቶ ቀርቧል። ታሪኩ አጭር ነው። ዋንደር የተባለ ወጣት የሞተች ልጃገረድ በፈረሱ ጭኖ፣ ረጅም ድልድይ አቋርጦ ወደተከለከለ ምድር ይገባል። በቤተ መቅደሱ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ፣ 16 ግዙፋን ፍጡራንን ቢገድል ልጅቱ ነፍስ ልትዘራ እንደምትችል ይነግረዋል። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት ለጨዋታው ሲባል በተፈጠረ ቋንቋ ነው፤ እኛ ትርጉሙን ከግርጌ እናነባለን። በትርጉም ሥራ ለምተዳደር ሰው ይህ ብቻውን ደስ ያሰኛል። ከዚያ ወዲያ ግን ንግግር እጅግ ጥቂት ነው፤ ታሪኩን የሚሸከመው መሬቱ ነው።

ተጫዋቹ ሰይፉን ወደ ፀሐይ ሲያነሣ ጨረሩ ተሰብስቦ አቅጣጫ ይጠቁመዋል፤ መንገዱን ግን አያሳየውም። ገደል ሲያጋጥመው ይዞራል፤ ይስታል፤ ይመለሳል። በጉዞው ላይ ሙዚቃ የለም። ርቀቱ በእውነተኛ ደቂቃዎች የሚከፈል በመሆኑ መድረስ ዋጋ ያገኛል። ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ከግንብ ግንብ ሲጋጭ የሚውል የከተማ ነዋሪ በዚህ ቢማረክ አያስደንቅም። የሚጠራው የለም፤ የሚያጣድፈው የለም፤ በሩቁ ያየው ኮረብታ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ይሁንና ስፋት ብቻውን ይህን አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ኖ ማንስ ስካይ» በኮምፒዩተር ስሌት የሚፈጠሩ ከ18 ኩንቲሊየን በላይ ፕላኔቶች አሉት፤ 18ን የሚከተሉ 18 ዜሮዎች ማለት ነው። በወጣበት ሰሞን ግን ብዙዎችን አሳዘነ። በኋላ በተጨመሩለት ማሻሻያዎች እጅግ ቢሻሻልም፣ የመጀመሪያው ቅሬታ ትምህርት አለው፤ ቀጣዩ ፕላኔት ካለፈው ብዙም ካልተለየ፣ ቁጥሩ ቢበዛም ለመሄድ የሚያነሣሣ ነገር አይኖርም።

የኡኤዳ ምድር ባዶነት ግን ምክንያት አለው። 13ኛው ፍጡር በሰፊ በረሃ ላይ የሚበር ነው፤ ተጫዋቹን ከቶ አያጠቃም። የሆዱን የአየር ከረጢቶች በቀስት ወግተን፣ ከፈረስ ዘለን ክንፉ ላይ ተንጠልጥለን የምንገድለው እኛ ነን። ሲወድቅ የምንሰማው ዜማ የድል ሳይሆን የኀዘን ነው። ከዚያ በኋላ የዚያ በረሃ ሰማይ በእርግጥ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ያደረግነውም እኛ ነን።

ጉዳዩ እኛን የሚነካን እዚህ ላይ ነው። አማርኛችን «ምድረ በዳ» ሲል ሰው የማይኖርበትን ምድር ማለቱ ነው። እኔም ሰነድ ስተረጉም «ባዶ መሬት» የሚለውን ሐረግ ያለ ሐሳብ ደጋግሜ ጽፌአለሁ። ነገር ግን በቀጠናችን ቆላዎች እንዲህ የሚባለው መሬት ብዙውን ጊዜ የአርብቶ አደሩ የክረምት ወይም የበጋ ግጦሽ ነው፤ ባዶ የሚመስለው ከብቱ እስኪመለስ ድረስ ነው። ሰፊ ዓለም የሚያቀርቡ ብዙ ጨዋታዎች ተጫዋቹን «ያየኸው ሁሉ ያንተ ነው» ይሉታል። ይህኛው በስፋቱ ካስደሰተው በኋላ፣ ቀድሞ የነበረ ባለቤት እንዳለ ያሳየዋል።

እንከን የለውም አልልም። ካሜራው አንዳንዴ ከፍጡሩ ይልቅ ድንጋይ ያሳየናል። ከሁሉ የከፋው ግን ዋንደር እምቢ ማለት አለመቻሉ ነው። ተጫዋቹ ያለው ምርጫ መግደል ወይም ማሽኑን ማጥፋት ነው፤ ደራሲው ጥፋቱን ለእኛ አካፍሎ ውሳኔውን ለብቻው ይዞታል። እምቢ የማለት መንገድ ቢኖር ኖሮ ጸጸቱ ይበልጥ የእኛ በሆነ ነበር።

በቀደም ዕለት የእህቴ ልጅ ከዚያው በረሃ ደርሶ አገኘሁት። ፈረሱን አቁሞ፣ ቀስቱን ሳያነሣ ወደ ላይ ይመለከታል። «ምን ትጠብቃለህ?» አልሁት።

«ትንሽ ይብረር» አለኝ።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁ።