ዝግጁ እጅ፦ ስቲቭ ከር ከተቀያሪ ወንበር እስከ አሰልጣኝነት

የስቲቭ ከርን ውርወራ አስተውላችሁ እዩ። ኳሷ ገና በአየር ላይ ሳለች ጉልበቱ ታጥፏል፣ ጣቶቹ ተከፍተዋል፣ ትከሻው ወደ ቅርጫቱ ዞሯል። እጁ ስትገባ የሚቀረው ማንሳትና መልቀቅ ብቻ ነው። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ግዙፎች መካከል ቁመቱ 1 ሜትር ከ91 የሆነ፣ ዝላዩም የማያስደንቅ ሰው ከተከላካይ የሚያመልጠው በዚህች ቅድመ ዝግጅት ነበር።

ከር እ.ኤ.አ. በ1965 ቤይሩት ተወለደ። አባቱ ማልኮም ከር የቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሳሉ በ1984 በጥይት ተገደሉ። ልጁ ያኔ 18 ዓመቱ ነበር፤ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ። በ1988 የኤንቢኤ አዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) ፊኒክስ የመረጠው በ50ኛ ተራ ነው።

በ910 መደበኛ ጨዋታዎች ተሰልፎ ከመጀመሪያው የገባው በ30 ብቻ ነው። ከተቀያሪ ወንበር የሚነሣ ወርዋሪ ሰውነቱ ሳይሟሟቅ፣ ምናልባትም ለአንዲት ኳስ ብቻ ይገባል። እንዲህም ሆኖ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ከወረወረው 45.4 በመቶውን አስቆጥሯል፤ በሊጉ ታሪክ ከፍተኛው ነው።

ሙያው በአንድ ቅጽበት ጎልቶ የታየው በ1997 ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ነው። የከር ቡድን ሺካጎና ዩታ 86 እኩል ናቸው። የቡድን ጓደኛው ማይክል ጆርዳን የዩታው ጆን ስቶክተን ከርን ትቶ ወደ እሱ እንደሚመጣ አስቀድሞ ገምቶ ለከር ነግሮታል። እንደተባለውም ስቶክተን መጣ፤ ከር ከነጻ ውርወራ መስመር አጠገብ ተቀበለ፣ ሳያመነታ ወረወረ፣ አስቆጠረ። ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ቀርተው ነበር፤ ሺካጎ 90 ለ86 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

በ2014 ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የማያውቀው ከር ጎልደን ስቴትን ተረከበ። ቡድኑ ጥሩ ነበር፤ ኳስ በመቀባበል ግን ከሊጉ የመጨረሻው ነበር። ከር በጨዋታ 300 ቅብብል ግብ አድርጎ አስቀመጠ። ከቀድሞ አሰልጣኞቹ፣ ከፊል ጃክሰን የቀሰመውንና ከግሬግ ፖፖቪች የተማረውን አዋህዶ የሠራው አንድ እንቅስቃሴ ግሩም ነው፦ ኳሷ ከቅርጫቱ ጎን ለቆመው ረጅም ተጫዋች ትሰጣለች፤ ወዲያው ሁለት ወርዋሪዎች እርስ በርስ ይጠላለፉና አንዱ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል፣ ሌላው ወደ ሦስት ነጥብ መስመር ይወጣል። ተከላካዮቹ ለአፍታ ከተምታቱ ከሁለቱ አንዱ ነጻ ነው። ስቴፈን ከሪንና ክሌይ ቶምሰንን የሚያህሉ ወርዋሪዎች ላሉት ቡድን ያቺ አፍታ ትበቃለች።

በ2015 ፍጻሜ ቡድኑ 2 ለ1 ተበልጦ ሳለ አሰላለፉን ቀይሮ አንድሬ ኢጉዳላን አስገባ፤ ተከታታዩን ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የለውጡ ሐሳብ የወጣት ረዳቱ የኒክ ዩረን መሆኑን ግን ራሱ በይፋ ተናገረ። ባለሙያን ከባለሙያ የሚለየው እንዲህ ያለው ሐቀኝነትም ጭምር ነው።

በተጫዋችነት 5፣ በአሰልጣኝነት 4 ዋንጫ አንሥቷል። የእነዚያን ዓመታት ጨዋታዎች ስታዩ ዓይናችሁን ከኳሷ ላይ አንሡና ኳስ የሌለውን ተጫዋች ተከተሉ፤ የከር ሙያ ያለው እዚያ ነው።