የቀማሽ ምላስ አስተዳደግ

ሥራዬ ቡና ቀማሾችን ማሠልጠን ነው። ሥራውን ከውጭ የሚያይ ሰው ምላስ የተፈጥሮ ስጦታ ይመስለዋል፤ «ታድሎ ነው» ይላል። እኔ ግን ዓመት ባለፈ ቁጥር ይህን ማመን እያቃተኝ መጥቷል። ጠረጴዛው ዙሪያ ከሚቆሙት ወጣቶች መካከል ጣዕም መለየት ጨርሶ የማይሆንለት እምብዛም አላጋጠመኝም። የሚለያያቸው እስከዚያ ቀን የቀመሱት ነገርና አብረዋቸው የቀመሱት ሰዎች ናቸው።

የእጅ ሥራው ቶሎ ይለመዳል። ለአንድ ናሙና አምስት ኩባያ ይደረደራል፤ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ይመዘናል። 93 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውኃ ይፈስበታል። ከአራት ደቂቃ በኋላ ከላይ የረጋው ሽፋን በማንኪያ ይሰበራል፤ ያኔ አፍንጫን ወደ ኩባያው ማስጠጋት ነው። በረድ ሲል በማንኪያ እየተቀዳ በኃይል ወደ አፍ ይሳባል። ፈተናው የሚመጣው «እንዴት ነው? ስንት ትሰጠዋለህ?» ሲባል ነው።

አብዛኞቹ ሠልጣኞቼ ያደጉት ጠቁሮ እስኪወዛ በተቆላ፣ ጀበና ውስጥ በተንተከተከ ቡና ነው። እንደየአገሩ ስኳር፣ ጨው፣ ቅቤ ወይም ጤና አዳም ይገባበታል። እንዲህ ላደገ ልጅ ፈካ ብሎ የተቆላ የታጠበ ይርጋ ጨፌ ሲቀርብለት ፊቱ ይጨማደዳል። «ጋሼ፣ ይሄ ኮምጥጧል» ይላል። ገዢ ብዙ ዶላር የሚያወጣበት ያ ሎሚ ሎሚ የሚል ጣዕም ለእሱ የብልሽት ምልክት ነው።

አልፈርድበትም። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣለች። ይሁንና ለረጅም ዘመን ለኤክስፖርት የሚመጥነው ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕግ ይከለክል ስለነበር ወደ ቤታችን ይመጣ የነበረው ከዚያ የተረፈው ነው። የተረፈውን ቡና አጥቁሮ መቁላት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የእናቶቻችን ብልሃት ነበር። የልጁ ምላስ በሚገባ የተማረ ምላስ ነው፤ የተማረው እናቱ ዘንድ ነው።

ይህ ትምህርት ከምናስበው ቀድሞ ይጀምራል። በ2001 እ.ኤ.አ. ጁሊ ሜኔላና ባልደረቦቿ ፊላደልፊያ በሚገኘው ሞኔል የምርምር ማዕከል አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ከእናቶቹ አንዳንዶቹ በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ጡት በሚያጠቡበት ጊዜ የካሮት ጭማቂ ጠጡ፤ ሌሎቹ ውኃ ብቻ ጠጡ። ሕፃናቱ ምግብ ሲጀምሩ የካሮት ጣዕም ያለው ገንፎ ቀረበላቸው። በማኅፀን ወይም በጡት ወተት ካሮትን የቀመሱት ካሮት ለሌለበት ገንፎ ካኮሳተሩት ያነሰ ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ውኃ ብቻ በጠጡት እናቶች ልጆች ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። ጥናቱን ባነበብኩ ጊዜ ትዝ ያሉኝ በርበሬና አብሽ በሚሸት ጓዳ ያደግነው እኛ ነን።

ከሁሉም በላይ ያስተማረችኝ ከጌዴኦ የመጣች አንዲት ሠልጣኝ ናት። ለታጠበ ቡና የምትሰጠው ነጥብ ከአንጋፋዎቹ አይርቅም ነበር። የሐረር ወይም የጉጂ ያልታጠበ ቡና ሲመጣ ግን ገና ሽፋኑን ስትሰብር ራሷን ታቀናለች፤ «ፈርመንት» ብላ ዝቅተኛ ነጥብ ትጽፋለች። ሌሎቻችን እዚያው ኩባያ ውስጥ የምናገኘው የበሰለ ፍሬ ነበር። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ ይህ ሽታ ምን እንደሚያስታውሳት ጠየቅኋት። እናቷ ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ትለቅም ነበር። ገንዳ ውስጥ ከሚገባው በላይ የቆየ ቡና ያን የመሰለ ሽታ ያመጣል፤ ሽታው በመጣ ቀን አለቃ ይቆጣል፣ ቡናው ይጣላል፣ የቀን ሒሳብ ይጎድላል። ልጅቷ ያን ሽታ ያወቀችው በእናቷ ፊት ላይ ነው።

ይህን በማብራሪያ አይለውጡትም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር በሐረርጌ ቁቲ የሚባለውን የቡና ቅጠል ሻይና ደረቅ ቡና እየጠጣ ካደገ ሠልጣኝ አጠገብ ማቆም ነው። በየጠዋቱ ከአንድ ኩባያ ይቀምሳሉ፣ ለየብቻ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ይከራከራሉ። እሱ ስለ አያቱ ግቢ፣ ጀንፈሉ ጣራ ላይ ሲደርቅ ስለሚሸተው ሽታ ያወራላታል። ቀስ በቀስ ንጹሑን የፍሬ ጣዕም ከብልሽቱ መለየት ያዘች። እሱም ከእሷ ተማረ፤ ለእሱ ሁሉም «ጣፋጭ» ሆኖ ያለፈ ናሙና ውስጥ አንዷ ኩባያ መበላሸቷን ቀድማ የምትይዘው እሷ ነበረች። ዛሬም እሷን የሚቀድማት የለም። የልጅነት ፍርሃቷ አልጠፋም፤ ሙያ ሆኗታል።

ቃላቱም ቢሆኑ ከኑሮ ይመጣሉ። ወርልድ ኮፊ ሪሰርች በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጣዕም መዝገብ 110 ባሕርያትን ይዟል፤ ለማነጻጸሪያ የሚጠቅሳቸው ብዙዎቹ ነገሮች አሜሪካ ሱቅ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። የሐረር ቡና ብሉቤሪ ይላል ተብሎ ይጻፋል፤ ብሉቤሪን በልቶ የማያውቅ ልጅ ግን ቃሉን ይሸመድዳል እንጂ ጣዕሙን አያገኘውም። ስለዚህ ሠልጣኞቼን ይዤ ፍራፍሬ ገበያ እወጣለሁ፤ ኮክ፣ ትርንጎ፣ እንጆሪ፣ ጠጅ ሳር ገዝተን አብረን እንቀምሳለን፣ አብረን እናሸታለን። ጃስሚን የሚለው ቃል ሲያስቸግር ከቡና አገር የመጣ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ቡና ሲያብብ የሚሸተው አይደል?» አለኝ። በእርግጥም ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማመሳከሪያ አላውቅም።

ስንቀምስ ዝም እንላለን። ይህን ሕግ አጥብቄ የምይዘው በእኛ ዘንድ ታላቅ ከተናገረ ታናሽ ስለማይቃረን ነው። እኔ «ወይን ይላል» ካልኩ ሁሉም ወይን ያገኛል፤ አስመስለው አይደለም፣ እውነትም ያገኙታል። ስለዚህ ነጥቡ ሁሉ ተጽፎ ሳያልቅ አልናገርም፤ ሲነበብም የመጨረሻው እኔ ነኝ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይከፈታል፤ እውነተኛው ትምህርት ያለውም እዚያ ነው።

የሚያሳዝነኝ ከዚህ ጠረጴዛ ገበሬው መራቁ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በምርት ገበያ በኩል ሲሸጥ በአካባቢና በደረጃ ይጠቃለል ስለነበር የአንዱ ገበሬ ልፋት ከሌላው ጋር ይቀላቀል ነበር፤ ስለ ጣዕሙ የተባለው ነገር ወደ እሱ የሚመለስበት መንገድ አልነበረም። የ2009ኙ የቡና አዋጅ የቡናውን ምንጭ ለመከታተል በር ከፍቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን በተካሄደው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አርሶ አደሮች በስማቸው ተሸልመዋል። ጅምሩ ግሩም ነው፤ ግን ቡናውን በዚህ መልኩ ቀምሶ የሚያውቅ አርሶ አደር አሁንም ጥቂት ነው።

አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ከጎረቤታቸው ጋር ወደ ቅምሻ ክፍላችን መጡ። የራሳቸውን ቀመሱ፣ ዝም አሉ። የጎረቤታቸውን ቀመሱ፤ ተመልሰው የራሳቸውን ቀመሱ። ከዚያ እኔን ትተው ወደ ጎረቤታቸው ዞሩና «አልጋ ላይ ስንት ቀን አቆየኸው?» አሉት። እያንዳንዱ ማጠቢያ ጣቢያ አንዲት ትንሽ መቁያ፣ አንድ ወፍጮና አንድ ጠረጴዛ ይኑረው ብዬ ባገኘሁት ስብሰባ ሁሉ የምለምነው ለዚህ ጥያቄ ስል ነው።