ስለ አሜሪካ ፉትቦልና ስለ ጭንቅላት ጉዳት ደንቦች

በሞላላ ኳስ የሚካሄደው የአሜሪካ ፉትቦል ብሔራዊ ሊግ ተጫዋቾቹን ከጭንቅላት ጉዳት ለመጠበቅ ብዙ ደንብ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ራሱን ዝቅ አድርጎ በራስ ቁሩ የሚገጭ ተጫዋች ቡድኑን 15 ያርድ እንዲያስቀጣ ወሰነ፤ በ2024 ደግሞ በመክፈቻው ምት ጊዜ ሁለቱ ወገኖች ከሩቅ ተንደርድረው እንዳይላተሙ አቀራርቦ አቆማቸው።

እነዚህን ደንቦች አንነቅፍም። ነገር ግን ሁለቱም የሚያሳድዱት ለዳኛ ዓይን ጎልቶ የሚታየውን ግጭት መሆኑን ሳንናገር አናልፍም።

ማይክ ዌብስተርን እንመልከት። ከ1974 እስከ 1990 የተጫወተው በመስመሩ መካከል ሆኖ ነው፤ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ባቀበለ ቁጥር ከፊቱ ከቆመው ተጋጣሚ ጋር ይላተም ነበር። በ2002 በ50 ዓመቱ ሲሞት፥ የናይጄሪያ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ አንጎሉን መርምሮ፥ ራስ በተደጋጋሚ ከመመታቱ ጋር የተያያዘውን በሽታ አገኘበት። የራስ ቁር የራስ ቅልን ከመሰበር ያድናል እንጂ አንጎል በውስጡ እንዳይናወጥ አያግድም። እንዲህ ያለው የመስመር ግጭት ደግሞ በደንቡ የተፈቀደ ስለሆነ ፊሽካ አይነፋበትም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው፥ በ2011 ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በተደረገው ስምምነት በውድድሩ ወራት የሚደረገውን የሙሉ ትጥቅ ልምምድ በ14 የወሰነው ደንብ ነው፤ የግጭቱን ብዛት ራሱን ቀንሷልና። ሊጉ የድካሙን ፍሬ የሚለካው በየዓመቱ የአንጎል መናወጥ የደረሰባቸውን በመቁጠር ብቻ ከሆነ፥ እንደ ዌብስተር ያለው ሰው ከቁጥሩ ውጭ ይቀራል።