«መልሕቅ» ወይስ «ካስማ»፦ ስለ መሬት ማጽኛ ስያሜዎች

አፈርና ዐለት እንዳይናዱ የሚደረገውን ሁሉ «ማጠናከር» ብሎ መተርጐም ተለምዷል። እኛ ይህን ስያሜ አንደግፈውም። በጋምቤላ፣ አቦቦ አጠገብ፣ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአልዌሮ ግድብ የአፈር ግድብ ነው። እንዲህ ያለው አፈር የሚጠነክረው በመጠቅጠቅ ነው። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ዳር የተሰነጠቀ ዐለት ቢገኝ ግን የሚያዘው ተቦርቡሮ በሚገባ የብረት ዘንግ ነው። አንድ ቃል ሁለቱን ከጠቀለለ ተርጓሚው ምን እንደ ታዘዘ አይለይም።

ለዘንጉ «መልሕቅ» የሚሉ አሉ። በ1902 እ.ኤ.አ. ከተደረገው ስምምነት በኋላ ከካርቱም የሚነሣ መርከብ በባሮ ይደርስባት ለነበረችው ጋምቤላ ቃሉ እንግዳ አይደለም፤ ፍቺው ግን አይገጥምም። መልሕቅ በመንጠቆውና በክብደቱ ይይዛል። ዘንጉ በሲሚንቶ ተጣብቆ የሚይዘው መሬቱ ዙሪያውን ስለሚጨብጠው ነው። የድንኳን ገመድ የሚወጥረው «ካስማ» ለዚህ ይቀርባል።

ከሁሉ የከፋው «ሙከራ» ነው። መሐንዲሶች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሏቸው። አንደኛው፣ ለዚሁ ብቻ የተተከለን ካስማ እስኪነቀል ድረስ ስቦ የመሬቱን ጭብጥ ልክ ማወቅ ነው። ሁለተኛው፣ በሥራ ላይ የሚቆየውን ካስማ ከሚሸከመው ጭነት በላቀ ኃይል ለተወሰነ ጊዜ ስቦ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደ ወጣ ለክቶ መቀበል ነው። ሁለቱም «ሙከራ» ከተባሉ፣ ውሉን ያነበበ ተቋራጭ ገደሉን የያዘውን ካስማ ሊነቅለው ይችላል! የመጀመሪያው «የመንቀያ ሙከራ»፣ ሁለተኛው «የርክክብ ፍተሻ» ይባል እንላለን። ፍተሻ የኬላ ቃል ሆኗል የሚሉን ይኖራሉ፤ ኬላውም ቢሆን የሚያልፈውንና የማያልፈውን ይለያል።

ጭነቱ ሳይጨመር ካስማው ቀስ በቀስ ሲወጣ ክስተቱ «ዝግመት» ቢባል ይበቃል። ይህ በተለይ በሸክላማ አፈር ይታያል። የጋምቤላ ሜዳ ጥቁር ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በደረቁ ወር የተገኘ ውጤት ለዝናቡ ወር ዋስ አይሆንም፤ የፍተሻው መዝገብ ወቅቱን የሚያመለክት ዐምድ ያስፈልገዋል።

«ፌሮ»ን ግን ባንነካው እንመርጣለን። ከጣሊያንኛ ቢመጣም በግንባታ ሥራ ሰፍሯል። አፍ መፍቻው አኙዋክኛ ወይም ኑዌርኛ የሆነ፣ አማርኛን በሁለተኛነት የሚናገር ሠራተኛም ከሥራው ጋር የሚሰማው እርሱን ነው።