ውሃውን የሚደፋው ታንኩ ነው

ከእኔ ጋር በቅርቡ ሥራ የጀመረ አንድ ወጣት፣ ሐዋሳ ውስጥ የቤት አርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ማጣሪያ ገጥመን ስንጨርስ ወደ ፍሳሽ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ትክ ብሎ እያየ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ትንሽ ብናጠብባት ይሄ ሁሉ ውሃ ባልተደፋ ነበር እኮ» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው፣ አንድ ሊትር የሚጠጣ ለማግኘት ሦስትና አራት ሊትር ሲወርድ ማየት ያንገበግባል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንኳ የተለመዱት የቤት ማጣሪያዎች ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 5 ሊትርና ከዚያ በላይ እንደሚያፈሱ ይናገራል። በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት ደግሞ የቁጠባ ምልክቱን የሚሰጠው ፍሳሻቸው ከ2.3 ሊትር ለማይበልጥ ማሽኖች ብቻ ነው።

ነገር ግን ወጣቱ ያሰበውን የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦች ስላሉኝ መልሴ ረዘም ይላል። የፍሳሹን መገደቢያ ነቅለው በእጅ የሚዞር ቫልቭ ይገጥሙና ባለቤቱ ፊት ያጠብባሉ። ፍሳሹ ይቀጥናል፣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ ሂሳብ ይከፈላል። ከዚህ ዘዴ ጋር ብዙ ዘመን ተጣልቻለሁ፤ አሁንም አልታረቅሁም።

ፍሳሹ ጨዉን የሚያስቀረውን ስስ ማጣሪያ፣ ሜምብሬኑን፣ እያጠበ የሚሄድ ውሃ ነው። ከገባው ውሃ ግማሹን አጣርተን ብናወጣ በቀረው ውስጥ ጨዉ እጥፍ ይሆናል። ሦስት አራተኛውን ብናወጣ አራት እጥፍ ይሆናል። ቫልቭ የሚያጠብቡት ባልደረቦቼ ይህን ያውቃሉ፤ መከራከሪያቸው ሌላ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየሙ ጥቂት፣ ሶዲየሙና ባይካርቦኔቱ ብዙ ስለሆነ ኖራ አይጋገርበትም ይላሉ። እዚህ ድረስ እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ጥርስና አጥንት የሚያበላሸው ፍሎራይድ ውሃው ውስጥ ሟምቶ የሚቀረው ይዞት የሚዘቅጥ ካልሲየም ስላነሰ ነው። የሚረሱት ሲሊካውን ነው። አገሩ የእሳተ ገሞራ አገር ነው፤ ውሃው ከዚያ ዐለት ሲሊካ ይዞ ይወጣል። ሲሊካ በ25 ዲግሪ ሙቀት ሟምቶ የሚቆየው በሊትር እስከ 120 ሚሊግራም ገደማ ነው። ውሃው ሲገባ 60 ቢኖረው፣ ሦስት አራተኛውን ስናወጣ ፍሳሹ ውስጥ 240 ይሆናል። ኖራ ቢሆን በሲትሪክ አሲድ ይታጠባል። ሜምብሬን ላይ የተጋገረ ሲሊካ ግን በቀላሉ የሚለቅ አይደለም፤ ሜምብሬኑ ተነቅሎ ይጣላል። በዚያ ላይ ፍሳሹ በወፈረ ቁጥር ወደ ንጹሑ ውሃ የሚሾልከው ፍሎራይድም ይጨምራል። ሰውየው ማጣሪያ የገዛው ደግሞ ለፍሎራይዱ ብሎ ነው።

እንግዲህ ውሃው የት ነው የሚባክነው? ከሲንኩ ሥር የተቀመጠው የግፊት ታንክ ጋ ነው። ይህን ስናገር ብዙዎች ግነት ይመስላቸዋል፤ ሂሳቡን ግን ማንም ሊሠራው ይችላል። ወደ ማሽኑ የሚገባው ውሃ ግፊት 4 ባር ይሁን። ጨዉ ራሱ ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል 1 ባር ገደማ ይሁን። ታንኩ ባዶ ሳለ ውስጡ ያለው አየር ግማሽ ባር ያህል ይገፋል። ስለዚህ ውሃውን በሜምብሬኑ የሚያሳልፈው ጉልበት 2.5 ባር ነው። ታንኩ እየሞላ ሲሄድ አየሩ ይታመቃል። አውቶማቲክ መዝጊያው የሚዘጋው የታንኩ ግፊት ከመግቢያው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲደርስ፣ ማለት 2.6 ባር ላይ ነው። ያን ጊዜ ለማጣራት የቀረው ጉልበት 0.4 ባር ብቻ ነው፤ ንጹሑ ውሃ ከስድስት አንድ እጅ ይሆናል። የፍሳሹ ቱቦ ግን የሚያውቀው የመግቢያውን 4 ባር ስለሆነ እንደ መጀመሪያው ይፈስሳል። ሲጀምር 2 ሊትር እየደፋ 1 ሊትር ይሰጥ የነበረ ማሽን፣ ሊሞላ ሲል ለዚያው 1 ሊትር 12 ሊትር ይደፋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ልክ ታንኩ ባዶ ሲሆን ያለው ነው። ባለቤቱ ደግሞ አንድ ብርጭቆ በቀዳ ቁጥር ማሽኑ የሚሠራው በዚያ በመጨረሻው፣ አባካኝ በሆነው ሰዓት ነው።

የእኔ አሠራር ስለዚህ ታንኩን ማውጣት ነው። ከሜምብሬኑ የሚወጣው ውሃ ምንም የሚገፋው ነገር ሳይኖር በቀጥታ ክዳን ወዳለው፣ ከታች ቧንቧ ወደተገጠመለት የምግብ ፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ሲሞላ ተንሳፋፊው ማብሪያና ማጥፊያ ፓምፑን ያቆማል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቫልቭም መግቢያውን ይዘጋል። ፍሳሹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊትር በአንድ ልክ ይቆያል። ይህ ውሃ ክሎሪን ስለሌለው ማጠራቀሚያው ውስጥ ኩባያ እንዳይጠለቅበት፣ በየሳምንቱም እንዲታጠብ አጥብቄ እናገራለሁ። ሲንኩ ላይ የምትቆመውን የምታምር ቀጭን ቧንቧ የሚፈልግ ደንበኛ ቅር ይለዋል። ይበለው። ውሃን በእንስራና በጄሪካን አጠራቅሞ መቅዳት ለእኛ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማሽኑ ከቤቱ ልማድ ጋር ቢስማማ ምን ነውር አለው?

ታንኩን አላወጣም ያለ ሰው ቢያንስ ታንኩ ሲሞላ ፍሳሹ መቆሙን ይመርምር። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምታግደው የቼክ ቫልቭ ጎማ ስታረጅ የታንኩ ግፊት ወደ ኋላ ያፈተልካል፣ መዝጊያው መዝጋት ይተዋል፣ ፍሳሹ ሌት ተቀን ይወርዳል። በደቂቃ 200 ሚሊሊትር ብቻ ቢወርድ በ24 ሰዓት 288 ሊትር ነው፤ ከአሥራ አራት ጄሪካን ይበልጣል። ይህን ያህል ውሃ የሚበላ ብልሽት ድምፅ የለው፣ ወለል አያረጥብ። ቤተሰቡ የሚያውቀው ሮቶው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜም የሚወቀሰው ፈረቃው ነው። ቫልቭ አጥባቢዎቹ ማሽኑ ሲሠራ የሚፈሰውን ለመቀነስ ሲሟገቱ፣ መቆም ሲገባው የሚፈሰውን ዘወር ብለው አያዩትም።

ሮቶን ካነሣሁ ግፊቱን ልጨምር። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። ጣሪያ ላይ 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ነው፤ ይህ የጨዉን የኋላ ግፊት እንኳ አያሸንፍም። ከእንዲህ ያለ ሮቶ ጋር ያለ ፓምፕ የተገጠመ ማሽን የሚገባውን ውሃ ወደ ፍሳሽ ከማስተላለፍ ያለፈ ሥራ የለውም። ፓምፕ ኖሮት የኤሌክትሪክ ቫልቭ የሌለው ማሽንም እንዲሁ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ የሮቶው ውሃ ግን በፍሳሹ በኩል ቀስ እያለ መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የሚዘጋ ቫልቭ የሌለውን ማሽን አልገጥምም። ቅዝቃዜም ግብር አለው፤ ውሃው በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ምርቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ፍሳሹ ግን እዚያው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ከለገዳዲ ግድብ የመጣ ውሃ የሚደርሰው ሰው ደግሞ አርኦ ግጠምልኝ ሲለኝ አልገጥምም። የውሃው ጨው ጥቂት ነው። ስጋቱ ደለልና ጀርም ከሆነ ተራው ማጣሪያ፣ ከሰልና የአልትራቫዮሌት መብራት ይበቃዋል። እነዚህ አንድ ጠብታ አይደፉም። ሥራ አጣህ የሚሉኝ አሉ፤ ለማያስፈልገው ሰው ውሃ የሚደፋ ማሽን መሸጥን ግን ሥራ ብዬ አልቆጥረውም።

«ፍሳሹን አትክልት አጠጡበት» የሚለው ምክርም ከሌላ አገር የመጣ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያ ውሃ ሶዲየም የበዛበት ነው፤ አፈሩን እያጠበቀ ያበላሸዋል። ለሽንት ቤት፣ ለወለል፣ ለልብስ ይሁን። ለወጥና ለቡና ግን ፈጽሞ አይነካ፤ ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፣ እንዲያውም ያወፍረዋል።

ይህን ሁሉ እንዲህ አጥብቄ የምይዘው በምክንያት ነው። የተወለድኩት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ የጉድጓድ ውሃ በምትጠጣ መንደር ነው። የእኩዮቼ ጥርስ ቡናማ ነው። እህቴ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ የልጅ ልጅ አይታም ይህን ልማድ አልተወችም። አጎንብሰው ቀና ማለት ያቃታቸው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እርጅና ነው ይባል ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት የጉድጓዱን ውሃ በጠጡ ሠራተኞች ላይ የአጥንት ፍሎሮሲስ መታየቱን ሐኪሞች መዝግበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም እንደሆነ፣ ጥርስ የሚበላሸውም ልጁ 8 ዓመት ገደማ እስኪሆነው ባለው ጊዜ መሆኑን ያነበብኩት አድጌ ነው። ያንን ውሃ ግን እናቴ ናት በጀርባዋ እየተሸከመች ያሳደገችን። ለልጆቿ የምታደርገው ትልቁ ድካም ይኸው ነበር፤ የልጆቿን ጥርስ ያበላሸውም ይኸው ነው። በዚህ ሙያ ስቆይ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ነው።

አምስት ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥና ለምግብ በቀን 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ ቢፈልግ፣ ማሽኑ በ1 ሊትር 4 የሚደፋ ከሆነ 80 ሊትር ይፈስሳል። ቧንቧው ሁለትና ሦስት ቀን በጠፋበት ቤት ይህ አራት ጄሪካን ነው፤ ጄሪካኑን የሚሸከመው ደግሞ ማሽኑን የገዛው ሰው አይደለም፤ እናቲቱ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። ለልጆች ጥርስ ብለን የሴት ጀርባ ላይ አራት ጄሪካን የምንጨምር ከሆነ፣ ዕዳውን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወርነው እንጂ አልከፈልነውም። የፍሳሽ ነገር ለእኔ የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ ሆኖ የማያውቀው ስለዚህ ነው።

ለወጣቱም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ቱቦዋን አታጥብብ፤ መለኪያ ጆግና የስልክህን ሰዓት ያዝ። ታንኩ ባዶ ሳለ የአንድ ደቂቃ ንጹሕና የአንድ ደቂቃ ፍሳሽ ለካ፤ ሊሞላ ሲል ደግመህ ለካ። ሁለቱ ልኬቶች ከተራራቁ ጥፋቱ ያለው ታንኩ ላይ ነው። ከዚያ እስኪሞላ ጠብቅ። ደንበኛው ቢቸኩልም፣ ቡና ተፈልቶ ቢያልቅም፣ ሌላ ቀጠሮ ቢኖርህም ጠብቅ። ፍሳሹ ሙሉ በሙሉ መቆሙን በዓይንህ ሳታይ ሂሳብ አትቀበል።